«ኡም፣ ሽሙም»፦ አባባሉ ከየት መጣ? ምን ማለትስ ነው?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እስራኤልን የሚወቅስ ውሳኔ ሲያሳልፍ ዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ዘንድ አንድ አባባል ብቅ ትላለች። «ኡም፣ ሽሙም»። አጭር ናት፤ የያዘችው ነገር ግን ከባድ ነው። እስራኤል ዘመድ ያላችሁ ወይም የዚያን አገር ዜና የምትከታተሉ ሳትሰሟት አትቀሩም።

«ኡም» በዕብራይስጥ የተባበሩት መንግሥታት አሕጽሮተ ቃል ነው፤ የእኛ «ተመድ» እንደማለት። «ሽሙም» ግን በራሱ ትርጉም የለውም። ሥራው ማናናቅ ብቻ ነው። ዘዴው የመጣው ከይዲሽ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ ነው። አንድን ነገር ማጣጣል ሲፈልጉ ስሙን ይደግሙታል፤ ሲደግሙት ከፊቱ «ሽም» የሚል ድምፅ ይለጥፉበታል። በቃ፣ ነገሩ ዋጋ አጣ ማለት ነው። «ካንሰር ሽማንሰር፣ ዋናው ጤና ነው!» የምትል የታወቀች ቀልድ አለቻቸው። ወደ አማርኛ ስናመጣው «ተመድ ቅብጥርሴ» የሚለው ይቀርበዋል። ወይም ደግሞ «ምን ተመድ ተመድ ትሉብኛላችሁ!»።

ብዙ አባባሎች ማን እንደፈጠራቸው አይታወቅም። የዚህኛው ግን ተናጋሪውም ቦታውም ቀኑም ይታወቃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ተናጋሪው የእስራኤል የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዳቪድ ቤን ጉርዮን ናቸው። ቀኑ ማርች 29 ቀን 1955። ቦታው የእስራኤል ካቢኔ ስብሰባ። የሚያከራክረው ጉዳይ ደግሞ ያው ዛሬም የሚያከራክረው ነው፦ ጋዛ።

ጋዛ ያኔ በግብፅ እጅ ነበረች። በ1948ቱ ጦርነት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ፍልስጤማውያን ጠባቧ መሬት ላይ ታጭቀው ይኖሩባታል። ድንበሩን እየተሻገረ የሚገባው ሰው ብዙ ነበር። አንዳንዱ ጥሎት የሄደውን ማሳ ሊያጭድ፣ አንዳንዱ ሊሰርቅ፣ አንዳንዱ ሊገድል። በፌብሩዋሪ 28 ሌሊት በአሪኤል ሻሮን የሚመሩ የእስራኤል ፓራሹተኞች ጋዛ ውስጥ ያለ የግብፅ ጦር ሰፈር መቱ። ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች ከግብፅ ወገን ሞቱ፤ ከእስራኤሎቹ 8። ወር ሳይሞላ በነጌቭ በረሃ ያለች ፓቲሽ የምትባል ትንሽ የገበሬ መንደር ሰርግ ደግሳ ነበር። ነዋሪዎቿ ከኩርዲስታን የመጡ አይሁዶች ናቸው። ከጋዛ የተሻገሩ ታጣቂዎች ሰርገኛው መሃል ቦምብ ጣሉ፣ ተኮሱ። አንዲት ወጣት ሞተች፤ ብዙ ሰው ቆሰለ።

ቤን ጉርዮን ጡረታ ወጥተው ከነበሩበት የበረሃ መንደር ተመልሰው መከላከያ ሚኒስትር ከሆኑ ገና ወራቸው ነው። ለካቢኔው ያቀረቡት ሐሳብ አጭር ነበር። ግብፅን እናስወጣ፤ ጋዛን እንያዝ።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሞሼ ሻሬት እምቢ አሉ። ሻሬት ከልጅነታቸው የተወሰነውን ጊዜ ዓይን ሲንያ በምትባል የዓረብ መንደር ያሳለፉ፣ አረብኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ጋዛን መውሰድ ማለት እዚያ የታጨቀውን ስደተኛም አብሮ መረከብ ነው ብለው ተከራከሩ። ዓለምም ዝም አይልም። በዚህ መሃል አንድ ነገር አነሱ። ያለ 1947ቱ የተመድ ውሳኔ እኮ ይህች አገር ባልቆመች ነበር አሉ። ቤን ጉርዮን ጦፉ። በፍጹም አይደለም፤ አገሪቱን ያቆማት የአይሁዶች ድፍረት እንጂ የ«ኡም ሽሙም» ውሳኔ አይደለም የሚል መልስ ሰጡ። ቃሏ የተወለደችው እዚህ ጋ ነው። በዚያው ዕለት ኒው ዮርክ ላይ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 106 የፌብሩዋሪውን ጥቃት በሙሉ ድምፅ አወገዘ።

ቃሏን በኩራት የሚጠቅሱ ሰዎች የሚዘሏት ነገር አለች። በዚያ ክርክር የተሸነፉት ቤን ጉርዮን ናቸው። አብዛኛው የካቢኔ አባል ከሻሬት ጎን ቆሞ የጋዛው ዕቅድ ወደቀ።

ግን ከሁለቱ ማን ነበር ልክ? እኔን ካላችሁኝ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይዘዋል።

ከሻሬት ወገን እንጀምር። ኖቬምበር 29 ቀን 1947 ጠቅላላ ጉባኤው ፍልስጤምን ለአይሁድና ለዓረብ መንግሥት የሚከፍለውን ውሳኔ 181 በ33 ድጋፍና በ13 ተቃውሞ አጸደቀ። 10 አገሮች ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፤ ኢትዮጵያ ከነሱ አንዷ ናት። በሜይ 1948 ቴል አቪቭ ላይ የነፃነት አዋጁ ሲነበብ አገሪቱ የምትቆመው በተፈጥሯዊና በታሪካዊ መብት፣ ደግሞም በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ መሠረት መሆኑ ተገልጿል። አንባቢው ማን ነበር? ራሳቸው ቤን ጉርዮን። በሜይ 1949 ደግሞ እስራኤል በ37 ለ12 ድምፅ የድርጅቱ አባል ሆነች፤ ባንዲራውን ኒው ዮርክ ላይ ሲሰቅሉ የነበሩት ሻሬት ናቸው። በዚህኛው ድምፅ ኢትዮጵያ ከተቃዋሚዎቹ 12 አገሮች መሃል ነበረች። (የእኛም መንግሥት በዚያው ወቅት የኤርትራን ጉዳይ ይዞ እዚያው ጉባኤ ደጅ ይጠና ነበር። በዲሴምበር 1950 የፌዴሬሽኑ ውሳኔ ወጣ። አዲስ አበባ ያኔ «ተመድ ቅብጥርሴ» የምትልበት ምክንያት አልነበራትም።)

አሁን ወደ ቤን ጉርዮን። ውሳኔ 181 ሲጸድቅ የሚያስፈጽመው አንድም ወታደር አልተላከም። የተሳለው ካርታ በተግባር አንድም ቀን አልዋለም። ለአይሁድ መንግሥት የተመደበው ከመሬቱ 56 በመቶ ያህሉ ነበር፤ ጦርነቱ ሲያበቃ እስራኤል የያዘችው ወደ 78 በመቶ ደረሰ። ከ700,000 በላይ ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ወጡ። ለዓረቡ መንግሥት ከተመደበው ቀሪውን ዮርዳኖስና ግብፅ ያዙት። ድንበሩን ያሰመረው ወረቀት ሳይሆን ጠመንጃ ነበር። ወረቀት ብቻውን እንደማያድን እኛም ከ1936 ጀምሮ እናውቀዋለን። ጃንሆይ በሐይፋ ወደብ ወርደው፣ ኢየሩሳሌም ከርመው፣ ጄኔቭ ድረስ ሄደው ተናገሩ። የመንግሥታቱ ማኅበር ሰማ፤ ጣልያንም አዲስ አበባ ቆየ።

ይህ አባባል ወዲያ ማዶ ተቃራኒ አለው። ፍልስጤማውያን መሪዎች በየንግግራቸው የማይዘሉት ሐረግ «አሽ-ሸርዒያ አድ-ደውሊያ» የሚል ነው፦ ዓለም አቀፍ ሕጋዊነት። አንዱ «ኡም ሽሙም» ሲል ሌላው «በሕግ አምላክ!» ይላል ማለት ነው። በእኛ አገር «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው፣ የሚወርድ ውሃ ይቆማል» ይባል ነበር። ፍልስጤማውያን ከ70 ዓመት በላይ በሕግ አምላክ ብለዋል። ውሃው አልቆመም።

እነሱም ቢሆኑ ወረቀቱን ከመጀመሪያው አልወደዱትም። 1947 ላይ እምቢ ያሉት ናቸው። ምክንያታቸውን መረዳት አያስቸግርም። ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛው እነሱ ነበሩ። አይሁዶች በግዢ የያዙት መሬት ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም ነበር። ከግማሽ በላዩን ለሌላ ስጥ ሲባል ማን እሺ ይላል? አይሁዱ ደግሞ የአባቶቹን አገር እንጂ የሰው ርስት የነካ አይመስለውም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የምትለው የእኛ ተረት እዚያ ብትተረት ሁለቱም ወገን የእኔ ናት ይላታል። አንዱ ሁለት ሺህ ዓመት ይቆጥርላችኋል፤ ሌላው የአያቱን ቤት ቁልፍ ያወጣላችኋል።

ነገሩ የተገለበጠው በኋላ ነው። ኖቬምበር 15 ቀን 1988 አልጀርስ ላይ ያሲር ዓረፋት የፍልስጤምን መንግሥት አወጁ። አዋጁን ያረቀቀው ገጣሚው ማሕሙድ ደርዊሽ ነው። ጽሑፉ ውሳኔ 181 ታሪካዊ በደል እንደፈጸመባቸው ይናገራል። ግን እዚያው ላይ ለሉዓላዊነታቸው ዓለም አቀፍ ሕጋዊነት የሚሰጣቸው ይኸው ውሳኔ መሆኑን ይጽፋል። አርባ አንድ ዓመት እምቢ ያሉትን ወረቀት አንስተው ያዙ። ኢትዮጵያ በማግስቱ ዓመት፣ በ1989፣ ዕውቅና ሰጠች፤ በዚያው ዓመት ከእስራኤል ጋር የተቋረጠውን ግንኙነትም አደሰች። 2012 ላይ ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤው ፍልስጤምን በ138 ድምፅ አባል ያልሆነ ታዛቢ መንግሥት አላት። ቀኑ ኖቬምበር 29 ነበር፤ ያው የ1947ቱ ቀን።

ደግሞም ለስደተኛው ፍልስጤማዊ «ኡም» ማለት የውሳኔ ቁጥር ብቻ አይደለም። ዱቄት ነው። በ1949 መጨረሻ በጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ የተቋቋመውን የስደተኞች ድርጅት፣ ኡንርዋን፣ ሰዎቹ በአጭሩ «ወካላ» ይሉታል፤ ኤጀንሲው ማለት ነው። ልጁ የሚማረው ወካላ ትምህርት ቤት ነው። እናቱ የምትታከመው ወካላ ክሊኒክ ነው። የራሽን ካርዱ የወካላ ነው። ስደተኞቹ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ የሚለው የ1948ቱ ውሳኔ 194 ግን እስካሁን አልተፈጸመም። ስለዚህ የካምፑ ሰው ተመድን እንደ አይሁዱ አይንቀውም፤ አያምነውምም። የእስራኤል ፓርላማ በኦክቶበር 2024 ወካላን የሚያግድ ሕግ ሲያወጣ ካምፑ ውስጥ የተሰማው ነገር ከዚህ የመጣ ነው።

ወደ ቃላችን እንመለስ። ቤን ጉርዮን በ1955 ኖቬምበር እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሻሬትን በ1956 ጁን ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት አስወጧቸው። በዚያው ዓመት መኸር ላይ ጦራቸው ሲናንም ጋዛንም ያዘ። ኡም ሽሙም ሊፈጸም ነው የተባለበት ጊዜ ነበር። ከአራት ወር በኋላ፣ ማርች 1957፣ ለቀው ወጡ። ተመድ ብቻውን ቢሆን ምናልባት ችላ ይሉት ነበር። ከኋላው የአሜሪካው አይዘንሃወር ቆመው ነበር። በቦታው የተመድ ሰማያዊ ቆብ ለባሽ ወታደሮች ገቡ። በ1967 ሜይ የግብፁ ፕሬዚዳንት ናስር ውጡልኝ ሲሉ ወታደሮቹ ሻንጣቸውን ሸክፈው ሄዱ፤ በጁን ጦርነት ሆነ። የእስራኤል ሰው «አላልኳችሁም?» ቢል አይፈረድበትም።

ሐይፋ ውስጥ ከባሃኢ እምነት ተከታዮች መቅደስ አጠገብ ሽቅብ የሚወጣ መንገድ አለ። ከክፍፍሉ ውሳኔ በኋላ «የተባበሩት መንግሥታት ጎዳና» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። በኖቬምበር 1975 ጠቅላላ ጉባኤው ጽዮናዊነትን፣ ማለትም አይሁዶች በአባቶቻቸው ምድር አገር ይኑራቸው የሚለውን አስተሳሰብ፣ ከዘረኝነት የሚፈርጅ ውሳኔ 3379ን አሳለፈ። የእስራኤሉ አምባሳደር ሐይም ሄርዞግ መድረኩ ላይ ቆመው ወረቀቱን ለሁለት ቀደዱት። ሐይፋም ታፔላውን ቀየረች። መንገዱ ከዚያ ወዲህ «የጽዮናዊነት ጎዳና» ነው።

እዚህ ላይ የምትገርመኝ ነገር ይህች ናት። በ1991 ለማድሪድ የሰላም ጉባኤ ሲዘጋጁ እስራኤል ካቀረበቻቸው ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ ውሳኔ 3379 እንዲሰረዝ ነበር። በዲሴምበር ተሰረዘ። ኡም ሽሙም ባይ አገር ለአንድ የተመድ ወረቀት ያን ያህል ደከመች። ከልቧ ብትንቀው ኖሮ ቀድዳ ጥላው ትሄድ ነበር። በሜይ 2024 ደግሞ አምባሳደር ጊላድ ኤርዳን የፍልስጤም አባልነት በ143 ድምፅ ሲደገፍ ትንሽ የወረቀት መፍጫ ይዘው ወጡ። የድርጅቱን ቻርተር እዚያው መድረክ ላይ ፈጩት። የሄርዞግ በእጅ ነበር፣ የእሳቸው በማሽን። ሁለቱም ግን ወረቀቱን ለመቅደድ እዚያው ጉባኤ ድረስ መሄድ ነበረባቸው።

ዛሬ ቃሏን በሁለት ዓይነት ድምፅ ትሰሟታላችሁ። ቀኝ ዘመሙ ፖለቲከኛ ደረቱን ነፍቶ ይላታል፤ አባታችን ቤን ጉርዮን እንዳሉት እያለ። መንግሥታቸውን የሚተቹ እስራኤላውያን ዓምደኞች ደግሞ መልሰው ይወረውሯታል፦ ይኸው በኡም ሽሙም ፖለቲካችሁ ሄግ ድረስ ደረስን ይላሉ። ሄግ ያለው የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በጁላይ 2024 በተያዙት የፍልስጤም ግዛቶች የእስራኤል መቆየት ሕገ ወጥ ነው የሚል ምክረ ሐሳብ ሲሰጥም ሁለቱም ድምፆች ነበሩ። ማን በየትኛው ትርጉም እንዳለው ለማወቅ ቃሏን ብቻ አትስሙ፤ ቀጥሎ የሚለውን ጠብቁ።