ትራባንት የሚያስጨርሰው «ዘይት ትንሽ ጨመር»

«ዘይት ሞተር አይጎዳም፤ ትንሽ ጨመር አድርግበት።» ትራባንት 601፣ ያች ዘይቷ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀል ባለ ሁለት ምት ሞተር ያላት የምሥራቅ ጀርመን መኪና፣ በቆመችበት ሁሉ ይህን የሚል አይጠፋም። ምክሩ በነጻ ነው፤ ሞተር ማስከፈት ግን በነጻ አይደለም።

ስለዚህች መኪና ከሚወሩት ስህተቶች ትንንሾቹን ቀድመን እንጨርስ። «አካሉ ካርቶን ነው» ይባላል። ካርቶን ሳይሆን ዱሮፕላስት ነው፤ የጥጥ ተረፈ ምርት ከፌኖል ሙጫ ጋር በሙቀትና በግፊት ተጋግሮ የወጣ። «ሁሉም ትራባንት ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ይጠጣል» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1991 የተሠራው ትራባንት 1.1 የተባለው ሞዴል የፎልክስቫገን ባለ አራት ምት ሞተር ስላለው ቤንዚኑ ላይ ጠብታ ዘይት አይጨመርም።

«አራተኛ ላይ ቁልቁለት አትይዝም፤ ካምቢዮዋ አልቋል» የሚሉም አሉ። በዚህ ሰበብ ስንት ጤነኛ ካምቢዮ ተፈታ! 601 አራተኛ ማርሽ ላይ እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ሲነሳ ጎማውና ሞተሩ ሆን ተብሎ ይላቀቃሉ። ቤንዚን ካልገባ ዘይትም አይገባምና፣ ሞተሩ በጎማ ኃይል እየተሽከረከረ እንዳይደርቅ ነው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንዲይዝ ከተፈለገ ሦስተኛ ማስገባት፣ ቁልቁለቱ ከረዘመም በየመሃሉ ነዳጅ ነካ ማድረግ።

ወደ ዘይቱ እንመለስ። ይህ ሞተር እንደ ሌላው መኪና ከሥሩ የዘይት ቋት የለውም። ኮሎውን (የሞተሩን ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ)፣ ኩሽኔታዎቹን፣ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር የሚገባው ዘይት ብቻ ነው፤ ቬስፓ የነዳ ያውቀዋል። ከ1974 ወዲህ ያለው ሞተር 1 ለ50 ነው፣ አንድ እጅ ዘይት ለ50 እጅ ቤንዚን፦ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር። የቀደመው የ601 ሞተር 1 ለ33፦ ለ20 ሊትር 600 ሚሊ ሊትር። ልዩነቱን ያመጣው ፒስተኑ ከቢዬላው (ከኮሎው ጋር ከሚያገናኘው ዘንግ) ጋር በሚያያዝበት ቦታ የገባው የመርፌ ኩሽኔታ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ዓመት የመኪናዋ እንጂ የሞተሩ ላይሆን ይችላል፤ ሞተሮቹ ተለዋውጠዋል። ካልታወቀ ተከፍቶ እስኪታይ 1 ለ33 ይበቃል።

አሁን 20 ሊትሩ ላይ 800 ሚሊ ሊትር ተንቆረቆረ እንበል። ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው በካርቡራተሩ ቀጭን ቀዳዳ ከሚያልፈው ውስጥ የቤንዚኑ ድርሻ ይቀንሳል፤ ፈሳሹም ይወፍራል። ስለዚህ አየሩ ይበዛል፤ አየር የበዛበት ሞተር ደግሞ ይግላል፤ ይሄኛው የሚቀዘቅዘው በአየር ብቻ ነው። ማለትም ለጥንቃቄ የተጨመረው ዘይት ፒስተኑን ያሞቀዋል! የተረፈው ካንዴላው ላይ፣ የፒስተኑ ፋሻ ቦይ ውስጥ፣ የጭስ መውጫው ላይ ከሰል ሆኖ ይጋገራል። አንዱ ካንዴላ ሲረጥብ መኪናዋ በቀረው ሲሊንደር እየተንተፋተፈች ትሄዳለች። ባለቤቱም «ጉልበት አነሳት» ብሎ እንደገና ዘይት ይጨምራል።

«ጭሱ ተፈጥሮዋ ነው» የሚባለውም እዚሁ ይመደባል። በደርግ ዘመን ምሥራቅ ጀርመን፣ ላይፕዚግ የተማሩ ሰዎች ሰማያዊውን ጭስ ቢያስታውሱ አይፈረድባቸውም፤ በጠዋት ሲነሳ ያጨሳል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ኋላን የሚጋርድ ጭስ ግን ተፈጥሮ ሳይሆን የተትረፈረፈ ዘይት ነው።

የዘይቱ ዓይነትም የባለ ሁለት ምት ይሁን። የተራ መኪና ሞተር ዘይት ሲቃጠል አመድ የሚተው ቅመም አለበት። አቀላቀሉ ቀላል ነው፦ ንጹሕ ጀሪካን ውስጥ 1 ሊትር ቤንዚን፣ በላዩ የተሰፈረው 400 ሚሊ ሊትር፣ ደህና አድርጎ መነቅነቅ፣ ወደ ቋቱ መገልበጥ፣ ከዚያ ቀሪውን 19 ሊትር መቅዳት። በዓይን ግምት ሳይሆን ምልክት ባለው መስፈሪያ። ሲቆም የቤንዚኑ ቧንቧ ይዘጋ። ቋቱ ከሞተሩ በላይ ስለሆነ የካርቡራተሩ መርፌ አጥብቆ ካልዘጋ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ሌሊቱን ወደ ሞተሩ ይወርዳል።

የቀረው የገዢዎች ስህተት ነው፦ «ፕላስቲክ ስለሆነች አትዝግም።» ልብሱ አይዝግም፤ አጥንቱ ግን ላሜራ ነው። የሚያብረቀርቀው ዱሮፕላስት ከበሩ ሥር ያለውን የበሰበሰ ብረት ይሸፍነዋል። ከመግዛት በፊት ወለሉን ምንጣፍ ገልጦ፣ የበሩን ሥር ደግሞ ከታች ሆኖ በካቻቪቴ እጀታ መታ መታ ማድረግ ነው። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድፍን ድምፅ ሰጥቶ ዝገት ያራግፋል።