ዲውቲ ሳይክል ምንድን ነው? የብየዳ ማሽን ጀርባ ላይ ያለችው ፐርሰንት

ሰፈራችን ያሉ አንድ ጡረታ የወጡ ጋሼ የግቢ በራቸው ማጠፊያ ተገንጥሎባቸው፣ ልጃቸው የገዛላቸውን በትከሻ የምትንጠለጠል ትንሽ ኢንቨርተር ማሽን አውጥተው ራሳቸው ሊበይዱ ተነሱ። ኤሌክትሮዱ (እየቀለጠ የሚበይደው ዘንግ) ባለ 3.2 ሚሊ ሜትር፣ አምፔሩ መጨረሻ ላይ። ሁለት ኤሌክትሮድ ጨርሰው ሦስተኛውን እንደጀመሩ ቢጫ መብራት ቦግ አለና ማሽኑ ቀጥ። ወዲያው «ተቃጠለ!» ብለው አጠፉት፣ ከሶኬትም ነቀሉት፣ ከዛ ሻጩን መርገም ጀመሩ። «ጋሼ፣ መልሰው ይሰኩት» ብላቸው «ጭራሽ ልታነደው ነው አንተ ልጅ!»

ማሽኑ ግን ምንም አልሆነም። ግንባሩ ላይ 250 የሚል ትልቅ ቁጥር አለው፣ ዞር አድርጌ ጀርባው ላይ የተለጠፈችውን ሰንጠረዥ ሳይ ደግሞ 120 አምፔር በ20 ፐርሰንት ይላል። ያቺ 20 ፐርሰንት ነች ዲውቲ ሳይክል ሚሏት።

ትርጉሟ ቀላል ነው። ከ10 ደቂቃ ውስጥ ማሽኑ በዛ አምፔር ስንት ደቂቃ እሳት ላይ መቆየት ይችላል ማለት ነው። 20 ፐርሰንት ከሆነ 2 ደቂቃ በይዶ 8 ደቂቃ ያርፋል፣ 60 ከሆነ 6 በይዶ 4 ያርፋል፣ 100 ከሆነ ደግሞ ሳያርፍ ይውላል። ሰንጠረዡ ላይ ኤክስ በምትባለዋ ፊደል ረድፍ ነው ምታገኟት፣ ከስሯ አምፔሩ አለ። ሁለቱ ደግሞ ሁሌም አብረው ነው ሚነበቡት፣ ፐርሰንት የሌለው አምፔር ኪሎ ሜትሩ ያልተነገረ የመኪና ዋጋ በሉት፣ ምንም አይነግራችሁም። ግንባር ላይ የሚጻፈው 250፣ 300 ምናምን ብዙ ጊዜ ጌጥ ነው፣ ስትገዙ ማሽኑን አዙሩት።

አምፔሩን ስትቀንሱ ፐርሰንቷ ታድጋለች፣ እድገቷ ደግሞ በካሬ ነው። በግርድፉ፣ የሰንጠረዡን አምፔር እናንተ ለምትበይዱበት አምፔር ታካፍሉና ውጤቱን በራሱ አባዝታችሁ በፐርሰንቷ ታበዙታላችሁ። የጋሼን ማሽን ወደ 75 አምፔር ብናወርደው 120 ለ75 ሲካፈል 1.6፣ በራሱ ሲባዛ 2.56፣ በ20 ሲበዛ 51 ፐርሰንት ገደማ ይመጣል። ከ2 ደቂቃ ወደ 5 ደቂቃ! ያው እንደዛ ነው ያደረግነው፣ 3.2ቱን ትተን በ2.5 ኤሌክትሮድ 75 ላይ አድርገን። አንድ 2.5 ኤሌክትሮድ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው ምትነደው፣ ከዛ ቅርፊቱን በመዶሻ እያራገፋችሁ፣ በሽቦ ብሩሽ እየጠረጋችሁ፣ ሌላ ኤሌክትሮድ እየሰካችሁ ሌላ ደቂቃ ይሄዳል፣ ሳታስቡት ማሽኑን እያሳረፋችሁት ነው። በሩ ተጠናቀቀ፣ ቢጫዋም ዳግመኛ አልበራችም።

ቢጫዋ ስትበራ ማጥፋት ግን ትልቁ ስህተት ነው። ሙቀት የለካው ቴርሞስታት እሳቱን ብቻ ነው የቆረጠው፣ ፋኑ እየሠራ ነው። ስታጠፉት ፋኑም ይቆማል፣ ትራንዚስተሮቹና ዳዮዶቹ ውስጥ የታመቀው ሙቀት መውጫ ያጣል። ተሰክቶ እንደበራ ተዉት፣ መብራቷ ራሷ ትጠፋለች፣ ከጠፋችም በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሩለት። ሥራ ጨርሳችሁም ወዲያው አትንቀሉ፣ ፋኑ ትንሽ ይሽከርከር።

ቲግስ? ቲግ በቱንግስተን መርፌና በአርጎን ጋዝ የሚሠራው ነው፣ ብዙዎቹ ትንንሽ ማሽኖች የኤሌክትሮዱንም የቲጉንም ይሠራሉ፣ ሰንጠረዡም ላይ ለየብቻ ረድፍ አላቸው። በ100 አምፔር ኤሌክትሮድ የሚሠራው በ24 ቮልት አካባቢ ነው፣ ቲግ ግን በ14። ስለዚህ አምፔሩ አንድ ሆኖ አንዱ 2400 ዋት ሌላው 1400 ዋት ነው ሚያወጣው፣ ለዛ ነው የቲጓ ፐርሰንት ብዙ ጊዜ ከፍ ብላ የምትገኘው። ግን እዚህ ጋ ሰው ይሸወዳል፣ ቲግ ላይ ሚያልቅ ኤሌክትሮድ የለም፣ ሚራገፍ ቅርፊት የለም፣ እጃችሁ ጥሩ ከሆነ ያለማቋረጥ ትሄዳላችሁ፣ ያቺ በግድ የምትመጣው እረፍት ቀረች ማለት ነው። በዛ ላይ ቶርቹም፣ መርፌዋን የሚይዘው እጀታ ማለት ነው፣ የራሱ ልክ አለው። 17 ቁጥር የሚባለው በአየር የሚቀዘቅዝ ቶርች 150 አምፔር አካባቢ ነው አቅሙ፣ ማሽናችሁ 200 ስለሰጠ ብቻ 200 ላይ ካዋላችሁት እጀታው ጓንት ውስጥ ሆኖ እንኳን ያቃጥላችኋል። ደግሞ ቶርቹን ኔጋቲቭ ላይ ስኩት፣ ግራውንዱን (የሚበየደውን ብረት የሚቆነጥጠውን ገመድ) ፖዘቲቭ ላይ። ከተገለበጠ አብዛኛው ሙቀት ወደ መርፌዋ ይሄድና ጫፏ እንደ ሻማ ትንጠባጠባለች።

ሌላው ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር፣ ያቺ ፐርሰንት የተለካችው በ40 ዲግሪ ሙቀት ነው፣ አይኢሲ 60974 የሚባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ነው እንደዛ ያለው፣ ከፍታውንም ከባህር ጠለል በላይ እስከ 1000 ሜትር ብሎ ወስኖታል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ነች! እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ አንድ አምስተኛ ገደማ ሳስቷል፣ ፋኑ ያው ቢሽከረከርም ሚነፍሰው አየር ቀላል ነው፣ ሙቀት ተሸክሞ የማውጣት አቅሙ ያነሰ። እድሜ ለብርዳችን፣ 40 ዲግሪ ስለማይደርስ ያካክሰዋል። ሰመራና ሎጊያ የምትሠሩ ግን ከፍታው ባይከብዳችሁም በጋ ላይ ሙቀቱ 40ን ያልፋል፣ በዛ ላይ የቆርቆሮ ሼድ ውስጥ ወይ ኮንቴይነር ውስጥ ከሆናችሁ ሰንጠረዡ ላይ ያለችውን ቀንሳችሁ አስቧት፣ ማሽኑንም ጥላ ውስጥ አድርጉት። ከፀሐይ ልከልለው ብሎ በጨርቅ ሚሸፍን ሰው አይቻለሁ፣ የአየር ማስገቢያውን ነው የደፈነው።

አቧራውም የዚሁ ታሪክ ነው። ፋኑ አየር ሲስብ ግራይንደር ያወጣውን የብረት ብናኝም ይስባል፣ ብናኙ ሰርኪዩቱ ላይ ይለጠፍና መጀመሪያ ሙቀት ይይዛል፣ ከዛ አንድ ቀን ሾርት አድርጎ ያፈነዳዋል። ግራይንደሩ ብናኝ በሚረጭበት አቅጣጫ ማሽን አታስቀምጡ።

አሁን ወደ ገመዱ እንምጣ፣ ምክንያቱም ዲውቲ ሳይክል የቤታችሁንም መስመር ይነካል። ሰንጠረዡ ላይ ከመስመር የሚስበው ከፍተኛው አምፔር አለ፣ ከጎኑ ደግሞ «ኢፌክቲቭ» የሚባለው አለ፣ እረፍቱ ታስቦ የወጣ ማለት ነው። ከፍተኛው 28 የሆነና በ30 ፐርሰንት የሚሠራ ማሽን ኢፌክቲቩ 15 ገደማ ይሆናል። ገመድና ሶኬት ሚመረጠው በዚህ ነው፣ ብሬከሩ ግን 28ቱን ብዙ አይታገስም፣ እየዘለለ ካስቸገራችሁ አምፔሩን ቀንሱ እንጂ ብሬከሩን በትልቅ አትቀይሩ፣ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ አብሮ አይወፍርማ። ለቲቪና ለቻርጀር የተሠራች ዲቫይደር ላይ መሰካት ጭራሽ አይታሰብም፣ ስትቀልጥ አይቻለሁ፣ መጀመሪያ ሽታው ነው ሚመጣው። ኤክስቴንሽን ካስፈለገ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ባለ ሦስት መስመር፣ አርቱ (የመሬት መስመሩ) ያልተቆረጠ። ጥቅልል ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ፍቱት፣ ተጠቅልሎ ከሠራ ሙቀቱ መሀል ላይ ይታመቅና ላስቲኩን ያቀልጠዋል።

አንድ የቀረኝ ነገር ማሽኑ በሚያርፍበት ደቂቃ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ የሚለው ነው። ሰው ማስኩን ያወልቃል፣ ጓንቱን ያወልቃል፣ ላቡን ይጠርጋል። ቢጫዋ ስትጠፋ ግን ማሽኑ ሳያስጠነቅቅ ይመለሳል፣ ኤሌክትሮዱ ጫፍ ላይ 60፣ 70 ቮልት ተመልሶ ይቆማል። ደረቅ ጓንት ላለው ሰው ምንም አይደለም፣ በላብ ለራሰ እጅና እርጥብ መሬት ላይ ለተንበረከከ ሰው ግን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ እረፍት ላይ ኤሌክትሮዱን ከመያዣው አውጡት፣ መያዣውንም ብረቱ ላይ አታጋድሙት።

የቲግ ቶርች ደግሞ ይብሳል። ከትንንሾቹ ማሽኖች ጋር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ባለ ቫልቭ ቶርች ነው፣ ጋዙን በእጅ ትከፍታላችሁ፣ እሳቱን ማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም። ቁልፍ ስለሌለው መርፌዋ ማሽኑ እስከበራ ድረስ ኤሌክትሪክ አለባት፣ የነካችው ብረት ላይ ትጫራለች፣ ማስክ ያወለቃችሁበት ሰዓት ከሆነ ማታ ዓይናችሁ ውስጥ አሸዋ የተሞላ እስኪመስላችሁ ድረስ ስታለቅሱ ታድራላችሁ። እኔ ጠረጴዛው ጎን ደረቅ ጣውላ ላይ ምስማር መትቻለሁ፣ ጋዙን ዘግቼ እዛ ላይ ነው ምሰቅላት።