የአውቶቡስ ደረጃ፣ ታሪፍና ትርፍ ጭነት በሰሜን ሸዋ

አዲስ አበባን ከጅቡቲ ባገናኘው አሮጌ ባቡር መንገደኛ ትኬት የሚቆርጠው በማዕረግ ነበር፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። በሰሜን ሸዋ ሕዝቡን የሚያመላልሰው መኪና ነው፤ ማዕረጉም «ደረጃ» ይባላል። አገር አቋራጭ አውቶቡሶች በደረጃ 1፣ 2 እና 3 ይመደባሉ። ከእነርሱ ጎን ሕዝቡ «ቅጥቅጥ» እና «አባዱላ» የሚላቸው አነስተኛ መኪኖች ይሠራሉ። ታሪፉ በኪሎ ሜትር ይሰላል፤ በደረጃው፣ እንዲሁም መንገዱ አስፋልት ወይም ጠጠር በመሆኑ ይለያያል።

የዞኑ የጉዞ አከርካሪ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጫጫ፣ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት አልፎ ወደ ደሴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለሰው ብዙ ነው። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ለሕክምና የሚሄደው በሽተኛ ሁሉ በዚሁ መስመር ይገናኛል።

ቁጥጥሩ የሚጀምረው ከመናኸሪያ ነው። መኪናው በስምሪት ተራውን ይይዛል፣ ተሳፋሪው በወንበር ልክ ይገባል፣ የመውጫ ወረቀት ይቆረጣል። እስከ በሩ ድረስ ሕጉ በአብዛኛው ይከበራል። ችግሩ ከበሩ ማዶ ነው። መንገድ ዳር ቆመው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ ረዳቱ ያስገባቸዋል፣ በመተላለፊያው ላይ በዱካ ወይም በጆንያ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ኬላ ሲቃረብ «ጎንበስ በሉ» ይባላል። ሙሉ ታሪፍ ከፍሎ በወንበሩ የተቀመጠው ሰው የሌላው ክርን በትከሻው ላይ ሆኖ ይጓዛል፤ ጎንበስ ያለውም ያንኑ ሂሳብ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከፍሏል። ሁለቱም ተበድለዋል።

ሕጉ ግልጽ ነው። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ከተፈቀደው በላይ ሰው መጫንን በጥፋትነት አስቀምጧል፤ ቅጣቱም በአሽከርካሪው ላይ ያርፋል። በዚህ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ከምቾት ያልፋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ጣርማ በር ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ጭጋግም አይለየውም። በዚያ ቁልቁለት እያንዳንዱ ትርፍ ሰው በፍሬኑ ላይ የሚጨመር ክብደት ነው። ትርፍ ጭነትን «ሰው ቤቱ ይግባ ብለን ነው» ብሎ የሚከራከር ሰው ይህን ቁልቁለት ያስብ።

በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ተሽከርካሪዎች ግማሽ ተሳፋሪ ብቻ እንዲጭኑ ታዝዞ ታሪፉ በእጥፍ እንዲጨምር ተፈቅዶ ነበር። ተሳፋሪው ከጎኑ ላለው ባዶ ወንበር ጭምር ከፈለ ማለት ነው። የወንበር ዋጋ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ያህል ግልጽ ሆኖ አያውቅም፤ ባዶ መሆን የነበረበት ወንበር ሲሞላ ያጉረመረመው ሰውም እውነት ነበረው።

ጫናው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። እንቁጣጣሽና ፋሲካ ሲደርሱ፣ በኅዳርና በጥር 21 ምእመናን ወደ ጻድቃኔ ማርያም ሲጎርፉ መናኸሪያው ይጨናነቃል። መኪና በሌለበት ምሽት ተሳፋሪው ራሱ «ቆሜም ቢሆን ልሂድ» ብሎ ይለምናል፤ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ ትርፉን ሲያስወርድም አብሮ የሚቆጣው ሕዝቡ ነው። መቆጣቱ አይገርምም፤ በብርድ ጨለማ፣ ከከተማ ርቆ፣ ልጅ ታቅፎ መውረድ ከባድ ነው። ስለዚህ ማስወረዱ ብቻውን ቁጥጥር ሊባል አይገባም። በበዓል ዋዜማ ተጨማሪ መኪና መመደብ፣ የወረደውን ሰው በሚቀጥለው መኪና ማሳፈር፣ ገንዘቡንም እዚያው ማስመለስ የሥራው አካል ናቸው።

ደረጃን ማስከበር ከትርፍ ጭነት ይልቅ ይከብዳል፤ ትርፍ ሰው በዓይን ይቆጠራል፣ የደረጃ 3 መኪና በደረጃ 1 ዋጋ ሲያስከፍል ግን የሚታይ ነገር የለም። ማስረጃው ትኬቱ ነው። የመኪናው ሰሌዳ፣ ደረጃው፣ የወንበሩ ቁጥርና የተከፈለው ብር ተጽፎበት የተሰጠ ትኬት በኪሱ ያለ ተሳፋሪ መናኸሪያው በር ላይ ተመልሶ መጠየቅ ይችላል። ብሩን ለረዳቱ በእጁ ሰጥቶ መንገድ ዳር የተሳፈረው ግን ምንም ወረቀት የለውም።