«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ ድሩ የማን ነው?

ስለ አውሮፓ አትሌቲክስ ክርክር በተነሳ ቁጥር፣ በተለይ የ2026ቱ (እ.ኤ.አ.) የበርሚንግሃም ሻምፒዮና ሲወራ፣ ከደጋፊዎች አፍ የማይጠፋ አንድ ተረት አለ፦ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»። አንዱ ጣሊያን ብዙ አትሌት አላት ለማለት ይጠራዋል። ሌላው የብሪታንያን የሯጮች ዝርዝር ቆጥሮ ሲጨርስ ይደግመዋል። ሦስተኛው የሜዳሊያ ሰንጠረዡን ደምሮ በዚሁ ይዘጋል። ሦስቱም ማለት የፈለጉት «ብዙ ነን» ነው። ተረቱ ግን ስለ ብዛት አንድም ቃል የለውም። «ቢያብር» አለ እንጂ «ቢበዛ» አላለም።

ነገሩ የተበላሸው ድሩን ለሸረሪት ከሰጠናት ጀምሮ ይመስለኛል። የሸረሪት ድር ነው ብሎ ያደገ ሰው፣ አቧራ የለበሰ የጣራ ማዕዘን ትዝ ይለውና ብዙ ድር ተደራርቦ አንበሳ ሲተበትብ ያያል። ግን ሸረሪት ከማን ጋር ታብራለች? ከጥቂት ዝርያዎች በቀር የምታደራው ብቻዋን፣ የምትበላው ብቻዋን ነው፤ ጎረቤቷ ብትመጣባት ትጣላታለች። ማበር የማያውቅ ፍጥረት ለማበር ምሳሌ ሆኖ አይመረጥም። እኔ ድሩ የሸማኔ ነው የምል ነኝ፤ ቁመቱን ተወጥሮ፣ በአግድም ከሚገባው ከማግ ጋር ተጋብቶ ነጠላና ጋቢ የሚሆነው ድር። ለዚህ የምስክር ወረቀት የለኝም። ሥራው ራሱ ግን ይመሰክራል፤ ስለዚህ ከጥጡ እንጀምር።

ከማሳ የመጣ ጥጥ ፍሬው አብሮት አለ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ፣ በላዩ ቀጭን የብረት ዘንግ ይንከባለልበታል፤ ዘንጉ መዳመጫ ይባላል። ሲዳመጥ ፍሬው ወደ ፊት ይፈናጠራል፣ ጭረቱ፣ ማለትም ቀጫጭኑ የጥጥ ፀጉር፣ ወደ ኋላ ይቀራል። ድንጋዩ ላይ ብዙ ጥጥ ባንድ ጊዜ ከተጫነ ፍሬው ይፈጫል፤ ስባሪው ከጭረቱ ይደባለቅና ኋላ ሲፈተል ክሩ እዚያው ላይ ይበጠሳል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ጥጡ ውስጥ ገብቶ ሲርገበገብ የተጣበቀው ይላቀቃል፣ እንደ ጉም ይነፋል። የተነደፈው በእጅ ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል። ከአመልማሎው ጫፍ ተስቦ እንዝርት ላይ ይያዝና እንዝርቱ ጭን ላይ እየተሾረ ይፈተላል። የተፈተለው ተጠምጥሞ ሲከማች ልቃቂት ነው።

የፈታይ ችሎታ የሚታየው ይሄኔ ነው። ክር ሲከር ክረቱ ሁልጊዜ ወደ ቀጭኑ ቦታ ይሮጣል። ወፍራም ሆኖ የቀረው ቦታ ሳይከር ልል እንደሆነ ይቀራል፣ ሲጎተትም ጭረቱ ተንሸራቶ ይለያያል። ሲታይ ወፍራሙ ጠንካራ ይመስላል፣ የሚከዳው ግን እሱ ነው። በዚህ ምክንያት ለድር የሚሆነው ቀጠን ብሎ፣ እኩል ሆኖ፣ በርትቶ ይከራል። ለማግ የሚሆነው ግን ለስለስ፣ ወፈር ቢል አይጎዳም፤ ማግ በመወርወሪያ ገብቶ ይተኛል እንጂ ሸክም አይችልም። ዛሬ ብዙ ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ገዝቶ የእጅ ፈትሉን ለማግ የሚያውለውም ከዚህ የተነሳ ነው። መጎተቱ፣ መወጠሩ፣ የእያንዳንዷ ውርወራ ምት የሚያርፈው ድር ላይ ነው።

ሸማኔ ድር ሲያደራ መሬት ላይ ችካል ተክሎ፣ ክሩን ከችካል ችካል እያመላለሰ ይዘረጋዋል። እዚህ ላይ የሚፈለገው አንድ ነገር ነው፦ ሁሉም ክር እኩል መወጠር አለበት። እጁ ደክሞት አንዱን ዙር ላላ አድርጎ ካለፈ፣ ስህተቱ ያን ጊዜ አይታይም። የሚታየው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከቶ መሸመን ሲጀምር ነው። የላላው ክር ወደ ታች ይረግባል፣ መወርወሪያው ሲያልፍ ይጠልፈዋል፣ ይበጥሰዋል። ባይበጠስም ጨርቁ እዚያ መስመር ላይ ይኮማተራል። ከመጠን በላይ የተወጠረው ደግሞ የጎረቤቶቹን ድርሻ ብቻውን ስለሚሸከም ቀድሞ ይበጠሳል፤ እሱ ሲበጠስ ሸክሙ ወደ ቀጣዩ ይዛወራል። መቶ ክር ተዘርግቶ ከመቶው አሥሩ ብቻ የሚጎትቱ ከሆነ፣ ያ የአሥር ክር ጉልበት ነው።

«ማበር» ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፤ እኩል መወጠር። ገመድም እንዲሁ ነው። በአንድ አቅጣጫ የከረሩ ክሮች ተደርበው በተቃራኒው አቅጣጫ ሲገመዱ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፤ አንዱ ልፈታ ሲል ሌላው ያጠብቀዋል። ክሮቹ በከረሩበት በዚያው አቅጣጫ ቢጠመዘዙ ግን እጅ ሲለቃቸው ይፈታሉ። አንበሳ ለማሰር ጠፍር ወይም የቃጫ ገመድ እያለ ለምን ጥጥ ተመረጠ የሚል ይኖራል። የተመረጠው ስለሚበጠስ ነው። «ጠፍር ቢያብር» ቢባል ማን ይደነቃል? ሕፃን በጥርሱ የሚቆርጠው ክር አንበሳ አሰረ ሲባል ነው ጆሮ የሚቆመው። «ያስራል» ሳይሆን «ያስር» ተብሎ የተቆረጠውም ቤቱ እንዲመታ ነው፤ ድር፣ ቢያብር፣ ያስር፣ ሦስቱም በአንድ «ር» ይገጥማሉ።

ይህን ይዘን ወደ አውሮፓ መሮጫ ስንመለስ ተረቱ ልክ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ የአውሮፓ የቡድን ሻምፒዮና። በአንደኛው ምድብ 16 አገሮች አሉ። በእያንዳንዱ ውድድር አንድ አገር አንድ አትሌት (በዱላ ቅብብል አንድ ቡድን) ብቻ ታሰልፋለች። አንደኛው 16፣ ሁለተኛው 15፣ እንዲህ እየወረደ አሥራ ስድስተኛው 1 ነጥብ ያገኛል። ያቋረጠ፣ ያለ ሰዓቱ ተነስቶ የተሰረዘ፣ ዝላዩ ሁሉ ያልተቆጠረለት፣ ዜሮ። የስዊድኑ ኮከብ ዱፕላንቲስ በምርኩዝ ዝላይ ከተከታዩ በግማሽ ሜትር ቢበልጥም በአንድ ሳንቲ ሜትር ቢበልጥም ለስዊድን የሚገባው ያው 16 ነው። አንበሳ እዚህ ቤት ከ16 በላይ አይጮህም።

እ.ኤ.አ. በ2023 በፖላንዷ ሆዡፍ ጣሊያን ያሸነፈችው በ426.5 ነጥብ ነበር፤ ፖላንድ በ402.5 ተከተለች። (ግማሿ ነጥብ የምትመጣው እኩል የወጡ አትሌቶች ነጥቡን ስለሚካፈሉ ነው።) 37 ውድድር ስለነበረ ሁሉንም ያሸነፈ 592 ያገኛል። የጣሊያንን ብናካፍለው በአንድ ውድድር 11.5 ገደማ ይሆናል፤ ይህም በአምስተኛና በስድስተኛ ደረጃ መካከል ነው። ሻምፒዮኗ አገር በአማካይ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ የምትወጣ አገር ናት! ፖላንድም በ2019 እና በ2021 ዋንጫውን የወሰደችው በዚሁ መንገድ ነው፤ በሩጫ ሳሳ ስትል መዶሻና አሎሎ ወርዋሪዎቿ እየያዙላት። ስለዚህ በዚህ ውድድር የአገርን ዕድል የሚገምት ደጋፊ የኮከቦቹን ስም መጥራት ትቶ የደካማውን ውድድር ስም ይጥራ። ሦስት ሺህ መሰናክል ማን ይሮጥላቸዋል? የሴቶች መዶሻ ማን ይወረውርላቸዋል? ድሩ የሚረግበው እዚያ ነው።

ቤልጂየም በዚያው በ2023 ያደረገችውን የሚያውቅ ሰው ተረቱን በትክክል ለመጠቀም ሌላ ምሳሌ አያስፈልገውም። የ100 ሜትር መሰናክል ሯጮቿ ተጎድተው ቦታው ባዶ ሊሆን ሲል፣ አሎሎና መዶሻ ወርዋሪዋ ዮሊን ቡምኮ ገባችበት። መሰናክሎቹን አንድ በአንድ በእርጋታ እየተሻገረች በ32.81 ሰከንድ ጨረሰች። ፈጣን ሯጮች 13 ሰከንድ አካባቢ የሚጨርሱት ርቀት ነው። ባትገባ ኖሮ ዜሮ ነበር፤ 2 ነጥብ ይዛ ወጣች።

ማራቶን ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሙኒክ ላይ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና ጀርመናዊው ሪቻርድ ሪንገር በመጨረሻዎቹ ሜትሮች የእስራኤሉን ማሩ ተፈሪን አልፎ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ወርቁን ወሰደ። ማሩ በ2 ሰከንድ ተበልጦ ሁለተኛ፣ የቡድን ባልደረባው ጋሻው አያሌ በ8 ሰከንድ ተበልጦ ሦስተኛ ሆኑ። የቡድኑ ውጤት ግን የሦስት ሯጮች ሰዓት ተደምሮ ነው የሚወጣው። ሲደመር ወርቁ የእስራኤል ሆነ፣ የሪንገር ጀርመን ሁለተኛ ወጣች። ግለሰቡ አሸናፊ በቡድኑ ድር ታስሮ ቀረ ማለት ነው፤ አሳሪዎቹም ኢትዮጵያ የተወለዱ፣ ተረቱን በቋንቋቸው የሚሰሙ ልጆች መሆናቸው ደስ ያሰኛል።

የበሰበሰ ድርስ? በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ጣሊያን 37.50፣ ብሪታንያ 37.51 ገቡ። በኋላ ከብሪታንያ አራት ሯጮች አንዱ በተከለከለ መድኃኒት ተይዞ የአራቱም የብር ሜዳሊያ ተነጠቀ። ንጹሖቹ ሦስቱ ምንም አላጠፉም፤ ግን አንድ ድር ላይ ነበሩ።

እንግዲህ ለበርሚንግሃሙ ሰንጠረዥ ይህን ተረት የምትጠሩ፣ እባካችሁ ተዉት። እዚያ ከዱላ ቅብብሉና ከመሰሎቹ በቀር ሁሉም ለራሱ ሮጦ ለራሱ ይሸለማል፤ አሎሎ ወርዋሪው ቢወድቅ የከፍታ ዘላዩ ሜዳሊያ አይነካም። ሜዳሊያው በብዙ ሰው እጅ ተከፋፍሎ አገር ደመቀች ማለት ከፈለጋችሁ ለዚያ የተሠራ ሌላ ተረት አለላችሁ፦ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»። ሎሚ ከአንዱ እጅ ቢወድቅ የሌላው አይወድቅም።