ሰባቱን ሱባዔ ከሩት ጋር መቁጠር፦ ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን

መጽሐፈ ሩትን ለልጆች ስናስተምር ብዙዎቻችን ትምህርቱን መንገድ ላይ እንጨርሰዋለን። ሦስቱ ሴቶች፣ ኑኃሚንና ሁለቱ ምራቶቿ፣ ከሞዓብ ይወጣሉ፣ ዖርፋ ትመለሳለች፣ ሩት «ሕዝብሽ ሕዝቤ አምላክሽም አምላኬ ይሆናል» ትላለች፣ ልጆቹ ጥቅሱን በቃላቸው ይይዛሉ፣ ተዘምሮ ወደ ቤት ይሄዳሉ። ልጁ ይዞት የሚሄደው ታማኝነት ታዲያ ያማረ ንግግር ብቻ ነው። መጽሐፉ አራት ምዕራፍ አለው፤ ያ ንግግር ገና አንደኛው ምዕራፍ ላይ ነው፤ የሰማችውም ኑኃሚን ብቻዋን ናት። የእርሻው ባለቤት ቦዔዝ ሩትን ሲያመሰግናት (2፥11) የሚጠቅሰው ለአማቷ ያደረገችውን ሁሉ፣ አባት እናቷንና የተወለደችበትን አገር መተዋን ነው። ከአፏ ስለወጣው አንድም ነገር አይልም።

አይሁድ ይህን መጽሐፍ የሚያነቡት በሰባቱ ሱባዔ (ሰባት ሳምንታት) በዓል፣ በዕብራይስጥ ሻቩዖት በሚባለው፣ በእኛም አባቶች አጠራር በዓለ ሠዊት በሆነው ቀን ነው። ታማኝነትን ለልጆች ለማስተማር ከዚህ በዓል የተሻለ መግቢያ ማግኘት ይከብዳል፤ ምክንያቱም በዓሉ ራሱ የሚገኘው ቀን በመቁጠር ነው። ዘዳግም 16፥9 ማጭድ በእህል ላይ ከሚጀምርበት ቀን አንሥቶ ሰባት ሳምንት ቁጠር ይላል። ሩትና ኑኃሚን ቤተ ልሔም የደረሱት «በገብስ መከር መጀመሪያ» ነው (1፥22)። ሩት ደግሞ የገብሱና የስንዴው መከር እስኪያልቅ ድረስ ቃረመች፣ ማለትም አጫጆች የተዉትን እህል ለቀመች (2፥23)። መጀመሪያ የሚደርሰው ገብስ ነው፣ በፋሲካ ሰሞን፤ የስንዴው በኩራት የሚቀርበው በሰባቱ ሱባዔ በዓል ነው (ዘጸአት 34፥22)። እንግዲህ ሩት በእርሻው ላይ ጎንበስ ቀና ያለችባቸው ሳምንታትና እስራኤል ለበዓሉ የሚቆጥሯቸው ሳምንታት አንድ ወቅት ናቸው።

ለእኛ አመቺ የሆነ ነገር አለ። ከዳግም ትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ሁለቱን ጨምሮ ልክ ሰባት እሑድ ነው። ትምህርቱን በአንድ ቀን ከማጣደፍ በእነዚህ ሰባት እሑዶች ላይ መዘርጋት ይሻላል፤ በየእሑዱ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃል። ግድግዳ ላይ 50 ካሬ ያለው ካርቶን ይሰቀል፤ ልጆቹ በመጡ ቁጥር ያለፉትን ሰባት ቀኖች ይቀቡ። በሦስተኛው እሑድ ገደማ መሰልቸታቸው አይቀርም። ካርቶኑን አታውርዱት፤ «ሩትስ በሦስተኛው ሳምንት ምን የተሰማት ይመስላችኋል?» ብሎ ለመጠየቅ ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም።

ስለ በዓሉ የምንነግራቸው ትክክል ይሁን። አይሁድ ይህን በዓል «ያከብሩ ነበር» አይባልም፤ ዛሬም ያከብራሉ። በዕብራውያን አቆጣጠር ሲዋን በሚባለው ወር በ6ኛው ቀን ይውላል፤ በእስራኤል አንድ ቀን፣ ከእስራኤል ውጭ በአብዛኛው ሁለት ቀን ይከበራል። ምኵራብ በቅጠልና በአበባ ይሸለማል፣ የወተት ምግብ ይበላል፣ ብዙዎች ሌሊቱን ሙሉ መጻሕፍት ሲያጠኑ ያድራሉ፣ ዐሥርቱ ትእዛዛት ይነበባሉ። ሕጉ በሲና የተሰጠበት ቀን ነው የሚለው የሊቃውንቶቻቸው ትውፊት ነው፤ በኦሪት ውስጥ በግልጽ የተጻፈው የመከር በዓልነቱ ነው። ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) በኢትዮጵያ ሳሉ ቆጠራውን የሚጀምሩት ከፋሲካ ሰባት ቀን ማግሥት ስለነበር በዓሉ በሦስተኛው ወር በ12ኛው ቀን ይውልላቸው ነበር። ልጆች ይህን ሲሰሙ ወዲያው «ስግድ ማለት ነው?» ይላሉ። አይደለም። ስግድ ሌላው የቤተ እስራኤል በዓል ነው፤ ለእርሱም 50 ቀን ይቆጠርለታል፤ የሚቆጠረው ግን ከማስተሰረያ ቀን ጀምሮ ሆኖ ወቅቱ ኅዳር አካባቢ ነው። ሌላም አለ፦ የአይሁድ ፋሲካና የእኛ ትንሣኤ ሁልጊዜ አንድ ሳምንት ላይ ስለማይገጥሙ ሻቩዖትና ጰራቅሊጦስም በየዓመቱ አይገጥሙም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2ን ስታስተምሩ ግን ያ በኢየሩሳሌም የተሰበሰበው ሕዝብ ለዚህ በዓል የመጣ መሆኑን ንገሯቸው፤ ብዙ ልጆች ጰራቅሊጦስ የተጀመረው ከዚያ ቀን ወዲህ ይመስላቸዋል።

አሁን ወደ እርሻው። የገጠር ልጅ ቃርሚያን ያውቃል፤ የከተማው ልጅ ግን አያውቅም፣ ወይም ልመና ይመስለዋል። ዘሌዋውያን 23ን ክፈቱና የበዓሉ ሥርዓት ከተዘረዘረ በኋላ ወዲያው ቁጥር 22 ላይ ምን እንደሚል አስነብቧቸው፦ የእርሻህን ድንበር ፈጽመህ አትጨድ፣ ቃርሚያውን ለድሃና ለእንግዳ ተወው። ስለዚህ ሩት የወሰደችው ሕጉ የሰጣትን ነው፤ ያንንም ከጠዋት ጀምራ ሠርታ ነው (2፥7)። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በክፍላችሁ ውስጥ ቤተሰቡ በእርዳታ የሚኖር ልጅ ሊኖር ይችላልና ስለ ሩት «ለምና በላች» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ።

መጠኑን በዓይን አሳዩ። ሩት በመጀመሪያው ቀን ወቅታ ያገኘችው አንድ ኢፍ ያህል ገብስ ነው (2፥17)። ኢፍ በተለመደው ስሌት 22 ሊትር አካባቢ ነው፤ ቢጫውን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ትንሽ ይተርፋል፤ በክብደት ወደ 13 ኪሎ። ባዶ ጀሪካን ክፍል ውስጥ አስቀምጡና አንድ ልጅ ያንሣው፤ ከዚያ ውኃ ሞልታችሁ እንዲያነሣ ሞክሩት (ውኃው ከገብሱ እንደሚከብድ ንገሯቸው)። ያንን ተሸክማ ወደ ከተማ ገባች።

ቀጥሎ መቃረሙን ይሞክሩት። ለ20 ልጆች ግማሽ ኪሎ ገብስ በሸራ ላይ በትኑ። ሁለት ሁለት ሆነው ይቁሙ፤ እያንዳንዱ አንድ ጣሳ ይያዝ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ አንድ አንድ ፍሬ በጣት መልቀም እንጂ ማፈስ የለም፤ የለቀመውም ወደ ጓደኛው ጣሳ ይገባል እንጂ ወደ ራሱ አይገባም። አምስት ደቂቃ ስጧቸው። ይህ ልምምድ በሦስት ነገር ይበላሻል። ማፈስን ካልከለከላችሁ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ቆሎ ከበተናችሁ ይበሉታል፤ ጥሬ ገብስ ይሁን። ሽልማት ካደረጋችሁ ደግሞ ወደ ውድድር ይለወጥና ጣሳው የማን እንደሆነ ይረሳል። ሲጨርሱ ጣሳው ውስጥ ያለውን ይዩ፤ ታችኛውን እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ጀሪካኑ አጠገቡ ይቀመጥ፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከሁሉ በላይ ጊዜ መስጠት የሚገባው ግን ብዙ መምህራን ዘለው የሚያልፉት ቦታ ነው። በምሳ ሰዓት ቦዔዝ ለሩት የተጠበሰ እህል ይሰጣታል፤ በላች፣ ጠገበች፣ አተረፈች (2፥14)። ማታ ቤት ስትገባ ያተረፈችውን አውጥታ ለኑኃሚን ሰጠቻት (2፥18)። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ የዋለች ሴት፣ ምሳ ላይ ቤት የቀረችውን አሰበች። የምዕራፍ 1 ንግግር ትርጉሙ ያ ከምሳ የተረፈ እህል ነው። በዚህ እሑድ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ እፍኝ ቆሎ ስጡ፤ ይብላ፤ ከመጥገቡ በፊት ግን እዚህ ለሌለ ሰው በወረቀት ጠቅልሎ ያስቀር። ለማን እንደሆነ ጮክ ብለው እንዲናገሩ አታስገድዱ። ወላጅ የሌለው ልጅ ይኖራል፤ «ለእናትህ ውሰድላት» ማለት ሊያቆስለው ይችላል።

ኑኃሚንንም አታሳምሯት። ቤተ ልሔም ስትደርስ «በሙላት ወጣሁ፣ ባዶዬን ተመለስሁ» ትላለች (1፥21)፤ ሩት አጠገቧ ቆማለች። ትልልቆቹ ልጆች፣ ከ11 ዓመት በላይ ያሉት፣ ይህን ሲያስተውሉ ይገርማቸዋል፤ ሩት ግን መልስ አልሰጠችም፣ ከዚያ በኋላ ልቃርም ብላ ወጣች። ዖርፋን ደግሞ ክፉ አድርጎ ማቅረብ ጽሑፉ የማይለውን ማለት ነው። ኑኃሚን ሁለቱንም መርቃለች (1፥8)፤ ዖርፋም የተመለሰችው አማቷ አጥብቃ ስለለመነቻት፣ አልቅሳ፣ ስማት ነው። ዖርፋን «ከሃዲ» አድርጋችሁ ካስተማራችሁ ልጆቹ በሳምንቱ የተጣሉትን ጓደኛ «ዖርፋ» ብለው ሲሰድቡት ትሰማላችሁ።

ስለ ታማኝነት ስናስተምር ያለ ጥንቃቄ የማይታለፍ ነገር አለ። ልጅ «ታማኝ ሁን» ሲባል ምስጢር መጠበቅ ይመስለዋል። ጓደኛው ሲሰርቅ መሸፈን፣ ትልቅ ሰው የማይገባ ነገር አድርጎበት «ለማንም አትንገር» ሲለው ዝም ማለት ታማኝነት ይመስለዋል። ይህን በግልጽ፣ በራሱ ቃል አፍርሱት፦ የሚጎዳህን ሰው መደበቅ ታማኝነት አይደለም፤ ለምታምነው ትልቅ ሰው ትነግራለህ። ዮናታን የአባቱን የሳኦልን ክፋት ለዳዊት እንደነገረው (1ኛ ሳሙኤል 20) ምሳሌ አድርጉ። ይህ ካልተባለ የቀረው ትምህርት ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ምዕራፍ 3ን ለትንንሾቹ አጭር አድርጉት፦ ሩት ወደ አውድማው ሄዳ ቦዔዝ እንደ ቅርብ ዘመድ እንዲቤዣት (እንዲታደጋት) ጠየቀችው፤ እርሱም በማግሥቱ በከተማይቱ በር በ10 ሽማግሌዎች ፊት ጨረሰው። ከቦዔዝ ይልቅ የሚቀርበው ዘመድ የቤተሰቡን ርስት እቤዣለሁ ብሎ ሩትን ማግባትም እንዳለበት ሲሰማ መተዉን (4፥4-6) ግን አትዝለሉ፤ ቃል ቀላል፣ ሸክሙ ከባድ መሆኑን ልጆች በዚያ ሰው ያዩታል።

ለሰባተኛው እሑድ ዳቦ ጋግሩ። በበዓሉ የሚቀርቡት ሁለት እንጀራዎች እርሾ ያለባቸው ናቸው (ዘሌዋውያን 23፥17)፤ በአይሁድ ሊቃውንት ስሌት ለእያንዳንዳቸው የኢፍ አንድ አሥረኛ ዱቄት ይገባል፣ ማለትም 2.2 ሊትር፣ ወደ 1.2 ኪሎ። ሁለት መጠነኛ ድፎ ዳቦ ማለት ነው። ሊጡ በዋዜማው ይቦካ፤ ጠዋት የተቦካ አይደርስላችሁም። ከመቆረሱ በፊት ዘዳግም 16፥11ን አንድ ልጅ ያንብብ፤ አገልጋዩን፣ እንግዳውን፣ የሙት ልጁንና መበለቲቱን በስም ይጠራል። የመጀመሪያዎቹን ቁራሾች ለጥበቃው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋና በዕለቱ አዲስ ለመጣ ልጅ ይዘው የሚሄዱት ራሳቸው ተማሪዎቹ ይሁኑ፤ ለማን እንደሚሰጥ ቅዳሜ ከእነርሱ ጋር ወስኑ።