የፍሉይድና የመዋቅር መስተጋብር ሲሙሌሽን ምንድን ነው?

ገመድ ላይ የተሰጣ ነጠላ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ንፋሱ ሲገፋው ይነፋል። ሲነፋ ደግሞ የንፋሱን መንገድ ያስቀይራል። መንገዱን የቀየረው ንፋስ ዞሮ ነጠላውን በሌላ በኩል ይመታዋል። እሰጥ አገባው ማለቂያ የለውም። መሐንዲሶች የፍሉይድና የመዋቅር መስተጋብር የሚሉት ይህንን ነው። ፍሉይድ ማለት የሚፈስ ነገር ሁሉ ነው፤ ውሃም፣ ደምም፣ አየርም። መዋቅር የሚባለው ደግሞ ፍሉይዱ የሚገፋው አካል ነው፤ እዚህ ላይ ነጠላው።

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የታኮማ ድልድይ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1940 ተከፈተ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 7 ቀን ተደረመሰ። የዕለቱ ንፋስ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ለእንደዚያ ያለ ድልድይ ብዙ የሚባል አይደለም። ግን የመንገዱ ግራና ቀኝ 2.4 ሜትር ከፍታ ባለው ድፍን ብረት የታጠረ ስለነበር ንፋስ አያሳልፍም። መንገዱ መጠማዘዝ ጀመረ፤ አንዱ ጠርዝ ሲነሳ ሌላው ይወርዳል። በተጠማዘዘ ቁጥር ከንፋሱ ተጨማሪ ጉልበት ይቀበላል። ንፋሱን ለብቻ፣ ብረቱን ለብቻ አስልቶ ይህንን ማየት አይቻልም።

ዛሬ ሁለቱም ኮምፒውተር ላይ አብረው ይሰላሉ፤ ሲሙሌሽን የሚባለው ይህ ነው። መዋቅሩም ፍሉይዱም በጥቃቅን ክፍሎች መረብ ይሸነሸናሉ። ጊዜውም እንዲሁ በጣም አጫጭር እርምጃዎች ላይ ይከፋፈላል። አንዱ ፕሮግራም ግፊቱን አስልቶ ለሌላው ያቀብላል። ያኛው መዋቅሩ ምን ያህል እንደታጠፈ አስልቶ ይመልሳል። የፍሉይዱም መረብ በአዲሱ ቅርጽ ልክ ይሳባል፣ ከዚያ እንደገና ይሰላል።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የደም ሥር ነገር ነው። ብረት ከአየር እጅግ ስለሚከብድ በየእርምጃው አንድ ጊዜ መቀባበል ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የደም ሥር ግድግዳና ደም ግን እፍጋታቸው ተቀራራቢ ነው። ግድግዳው ንቅንቅ ሲል ደሙንም ተሸክሞ ነው የሚንቀሳቀሰው። እዚህ ላይ አንዴ ብቻ ተቀባብሎ ማለፍ አያዋጣም። ትንሿ ስህተት በየዙሩ እያበጠች ትሄዳለች፣ ቁጥሮቹ ያብዳሉ፣ ስሌቱ ይቋረጣል። የጊዜውን እርምጃ ማሳጠር እንኳ አያድነውም። ስለዚህ ወይ ሁለቱ ፕሮግራሞች እስኪስማሙ ድረስ በአንድ እርምጃ ውስጥ ደጋግመው ይቀባበላሉ፣ ወይም ደሙና ግድግዳው ከመጀመሪያው በአንድ ትልቅ የእኩልታ ስብስብ አንድ ላይ ይፈታሉ።