ከሩም ጋር የሚቀርቡ መክሰሶችና አፕታይዘሮች

ሩም የሚሠራው ከሸንኮራ አገዳ ነውና ብዙ ሰው ጣፋጭ መጠጥ ነው ብሎ ይገምታል፤ ከጎኑም ኬክ፣ ብስኩት ወይም ካራሜል ያስቀምጣል። ሩም ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በሚጠጣባቸው አገሮች የሚታየው ግን ሌላ ነው። በካሪቢያን ደሴቶች፣ በጉያና፣ በፊሊፒንስም ሆነ በሞሪሸስ ከብርጭቆው አጠገብ የሚቀርበው ጨው ጠንከር ያለበት፣ ዘይት ውስጥ የተጠበሰ፣ ሎሚ ወይም አቼቶ የነካው ምግብ ነው። ለዚህም ከልማድ ያለፈ ምክንያት አለ።

ጣፋጭ የሚመስል ደረቅ መጠጥ

የአገዳው ጭማቂ፣ ወይም ስኳሩ ከወጣለት በኋላ የሚተርፈው ሞላሰስ በእርሾ ሲብላላ ስኳሩ ወደ አልኮል ይለወጣል። ከዚያ የተብላላው ፈሳሽ ማጣሪያ በሚባለው ዕቃ ውስጥ ይፈላና የአልኮሉ እንፋሎት ቀዝቅዞ ይሰበሰባል። ሳይለወጥ የተረፈ ካለም ስኳር አይተንምና ከአልኮሉ ጋር አብሮ አይወጣም፤ እዚያው ማጣሪያው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አዲስ የተጣራ ሩም ስኳር የለውም። የቆየ ሩም ሲሸተት የሚመጣው ቫኒላና ኮኮናት መሰል መዓዛ በአብዛኛው ከኦክ በርሜሉ የተገኘ ነው። አፍንጫ ጣፋጭ ጠብቆ ምላስ ደረቅ ነገር ያገኛል። አንዳንድ አምራቾች በኋላ ስኳር ይጨምራሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ግን በሊትር ከ20 ግራም በላይ ማጣፈጫ የገባበትን መጠጥ በሩም ስም መሸጥ አይፈቅድም።

40 በመቶ አልኮል ያለው ደረቅ መጠጥ ከክሬም ኬክ ቀጥሎ ሲጠጣ መራራውና የሚያቃጥለው ጎኑ ይጎላል። ጨው የመራራነትን ስሜት ይቀንሳል። ቅባት የአልኮሉን ስለት ያለዝባል። ሎሚና አቼቶ ደግሞ ቅባቱን ከምላስ ላይ ይጠርጉታል። ሦስቱን በአንድ ጉርሻ የያዘ ነገር ከተገኘ ስለ ቀሪው ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ቃሪያ ነው። ቃሪያን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲንና አልኮል በአፍ ውስጥ የሚቀሰቅሱት አንድ ዓይነት የሙቀትና የሕመም ተቀባይ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል። ጃማይካ ውስጥ ሬይ ኤንድ ኔፊው የተባለው 63 በመቶ ነጭ ሩም ብዙ ጊዜ የሚጠጣው በግሬፕፍሩት ሶዳ ተቀላቅሎ ነው። ስኮች ቦኔት በሚባለው ኃይለኛ ቃሪያ የታሸ ሥጋ እየበላ የሚጠጣ ሰው የሶዳውን ጥቅም ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም።

የጨው ዓሣና የሩም ዝምድና

ከሩም መክሰሶች ሁሉ ረጅም ታሪክ ያለው በጨው ከደረቀ ኮድ ዓሣ የሚሠራው ጥብስ ነው። ኮድ የሰሜን አትላንቲክ ቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ እንጂ የካሪቢያን ዓሣ አይደለም። ወደ ሞቃታማዎቹ ደሴቶች ያመጣው የስኳር ንግድ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከኒው ኢንግላንድ የሚነሱ መርከቦች የደረቀ ኮድ ጭነው ወደ ስኳር እርሻዎቹ ይሄዱ ነበር። ከጭነቱ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው፣ አውሮፓ ውስጥ ገዢ የማያገኘው ዓሣ በእርሻዎቹ ላይ በባርነት ለሚሠሩ አፍሪካውያን ቀለብ ይሆናል። መርከቦቹ ሲመለሱ ሞላሰስ ይጭናሉ፤ ሞላሰሱም በማሳቹሴትስና በሮድ አይላንድ ማጣሪያዎች ሩም ይሆናል። ንግዱ የቱን ያህል ትልቅ እንደነበር ለማወቅ የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1733 ከሌሎች አገሮች ቅኝ ግዛቶች ወደ አሜሪካ በሚገባው ሞላሰስ ላይ ቀረጥ መጣሉን፣ በ1764 ደግሞ ሕጉን በሌላ መተካቱን ማስታወስ ይበቃል። ዛሬ አንድ ሳህን ላይ የሚገናኙት የኮድ ጥብስና ሩም የተዛመዱት በዚያ ጭካኔ በተሞላ ንግድ ነው። ርካሹን ቀለብ ወደ ተወዳጅ ምግብነት የለወጡት ደግሞ እንዲበሉት የተገደዱት ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው።

ስሙና ቅርጹ ከደሴት ደሴት ይለያያል። በማርቲኒክና በጓዴሉፕ አክራ ይባላል፤ ትንሽና ድቡልቡል ነው። የጃማይካው ስታምፕ ኤንድ ጎ ጠፍጠፍ ያለ ነው። የፖርቶ ሪኮው ባካላይቶ ደግሞ ቀጭንና ሰፊ ሆኖ ጠርዙ ይንኮሻኮሻል። ባርቤዶስ ላይ ፊሽ ኬክ ይሉታል፤ ሁለቱን ጨው ዳቦ በሚባለው ክብ ዳቦ ውስጥ ከተው ሲሸጡት ብሬድ ኤንድ ቱ ይሆናል።

አክራ ለመሥራት የደረቀው ዓሣ ውኃው እየተለወጠ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል። ለጥቂት ደቂቃ ተቀቅሎ አጥንቱ ይለቀምና በጣት ይፈተፈታል። ዱቄት፣ ውኃ፣ በደቃቁ የተከተፈ አረንጓዴ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጦስኝ፣ ትንሽ ቃሪያና ቤኪንግ ፓውደር ተጨምሮ ወፈር ያለ ሊጥ ይሆናል። በማንኪያ እየተቆነጠረ 175 ዲግሪ ገደማ በጋለ ዘይት ውስጥ ሲጣል መጀመሪያ ይሰምጣል፣ ወዲያው ተንሳፍፎ ያብጣል፣ ብዙ ጊዜም በራሱ ይገለበጣል። ዘይቱ ካልጋለ ሊጡ ቅባቱን ይመጠውና እንደ ስፖንጅ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የትኛውም ሩም አያድነውም። ጨው ሊጡ ውስጥ የሚጨመረው ዓሣው ከተቀመሰ በኋላ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጭራሽ አያስፈልግም።

ማርቲኒክ ላይ ከአክራ ጋር የሚጠጣው ቲ ፓንች ነው። 50 በመቶ ገደማ አልኮል ያለው ነጭ ሩም፣ ጥቂት የአገዳ ሽሮፕና በጣት የተጨመቀ የሎሚ ቁራጭ በትንሽ ብርጭቆ ይቀላቀላል፤ በረዶ አይገባበትም የሚሉ ብዙ ናቸው። የደሴቲቱ ሩም የሚሠራው ከሞላሰስ ሳይሆን ከትኩስ የአገዳ ጭማቂ ስለሆነ አዲስ የታጨደ ሣር የሚያስታውስ ሽታ አለው። ፈረንሳይ የአመራረት ደንቡን በ1996 በሕግ የተጠበቀ የቦታ ስያሜ አድርጋዋለች። ያ የሣር ሽታ ከጦስኙና ከአረንጓዴው ሽንኩርት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረውን ጣዕም ሌላ ዓይነት ሩም ሊሰጠው አይችልም። ከሩምና ከመክሰስ ጥንዶች አንድ ብቻ ምረጥ የተባለ ሰው ይህን ቢመርጥ አይቆጨውም።

ሙዝ፣ ካሳቫና የአሳማ ሥጋ

ፕላንቴን የሚባለው ጠንካራ የማብሰያ ሙዝ ገና አረንጓዴ ሳለ ስኳሩ ትንሽ፣ ስታርቹ ብዙ ነው። ፖርቶ ሪኮና ኩባ ውስጥ ቶስቶኔስ፣ ሄይቲ ውስጥ ባናን ፔዜ የሚባለው ጥብስ የሚሠራው ከዚህ ነው። ሙዙ የሁለት ጣት ስፋት ባላቸው ቁራጮች ይቆረጥና መካከለኛ ሙቀት ባለው ዘይት እስኪለሰልስ ይጠበሳል። ከዚያ ወጥቶ ይደፈጠጣል፤ ለዚህ የተሠራ የእንጨት መጫኛ አለ፣ የሳህን ቂጥም ይበቃል። በጨውና በነጭ ሽንኩርት ውኃ ነከር ተደርጎ ይበልጥ በጋለ ዘይት ይደገማል፤ ውኃው ጠብ እያለ ከገባ ዘይቱ ይፈናጠራልና በደንብ ማንጠፍጠፍ ነው። ውጩ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ለስላሳ ይሆናል። ሙዙ ቢጫ ሆኖ ከበሰለ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ይጣፍጥና ይቃጠላል።

ሄይቲ ውስጥ ከባናን ፔዜ ጋር ግሪዮ የተባለው፣ በመራራ ብርቱካን ተዘፍዝፎ ተቀቅሎ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ይቀርባል። አጠገቡ ፒክሊዝ አይጠፋም። ይህ በደቃቁ የተቆረጠ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቃሪያ በአቼቶ ውስጥ የሰነበተበት ነው። ቅባቱ፣ ጨውና ኮምጣጣው እንዲህ በግልጽ ተለይተው የተቀመጡበት ሳህን ጥቂት ነው። ከ1862 ጀምሮ የሚሠራው ባርባንኩር ሩም ለዚህ ሳህን ይስማማል።

ኩባ ውስጥ የተጠበሰ ካሳቫ በነጭ ሽንኩርትና በመራራ ብርቱካን ሶስ ይበላል፤ ውስጣቸው ክሬም የሚመስል፣ ክሮኬታ የሚባሉ ትንንሽ ጥብሶችም የተለመዱ ናቸው። የኩባ ሩም ቀለል ያለ፣ በረጅም ዓምድ ማጣሪያ የሚወጣ ነው። በሎሚና በስኳር ዳይኪሪ ሆኖ ሲቀርብ የባሕር ምግብን ሳይሸፍን አብሮ ይሄዳል።

የሩም ሱቆች መቆያ

ባርቤዶስ ላይ በየመንደሩ ሩም ሾፕ የሚባሉ ትንንሽ ቤቶች አሉ። ሸቀጥ ይሸጥባቸዋል፣ ዶሚኖ ይጫወቱባቸዋል፣ ከምንም በላይ ግን ሩም ይጠጣባቸዋል። ዋናው ምግብ ከተር ነው፤ ጨው ዳቦ ተሰንጥቆ ሃም፣ ቺዝ ወይም የተጠበሰ ዓሣ ይገባበታል። ቅዳሜ ደግሞ የአሳማ ሥጋ ተቀቅሎ በሎሚ፣ በኪያርና በቃሪያ ውኃ ውስጥ ቀዝቅዞ ከስኳር ድንች ፑዲንግ ጋር ይበላል።

ትሪኒዳድና ጉያና ውስጥ ከተር ሲባል ከመጠጥ ጋር የሚቀማመስ ነገር ሁሉ ነው። እዚያ ገበታውን የለወጡት ከ1838 ጀምሮ ወደ ጉያና፣ ከ1845 ጀምሮ ደግሞ ወደ ትሪኒዳድ በኮንትራት የመጡት የሕንድ ሠራተኞች ናቸው። በቅመም የተጠበሰ ሽምብራ፣ ከክክ ዱቄት የሚጠበሰው ፎሉሪ፣ የማንጎና የሮቃ ሶስ ከእነሱ የተወረሱ ናቸው። የጉያናው ኤግ ቦል የተቀቀለ እንቁላል በተፈጨ ካሳቫ ተጠቅልሎ የሚጠበስበት ሲሆን ከኮምጣጣ ማንጎ ሶስ ጋር ይቀርባል። ደመራራ የሚባለው የጉያና ሩም ከባድና ጭስ ጭስ የሚል ስለሆነ ይህን የመሰለ ኮምጣጣ ይፈልጋል።

ከካሪቢያን ውጭም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ከ1854 ጀምሮ ያለው ታንዱዋይ ሩም ፑሉታን ከሚባሉት የመጠጥ መክሰሶች ጋር ይጠጣል፤ ከእነዚህ ታዋቂው ሲሲግ ነው። የአሳማ ጆሮና የራስ ሥጋ ተከትፎ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ካላማንሲ የሚባለው ትንሽ ሎሚ ተጨምሮበት በጋለ ብረት ሳህን ላይ እየተንጫጫ ይመጣል። በ1954 ገበያ ላይ የዋለውን ኦልድ መንክ የተባለ ሩም የሚጠጡ ሕንዶች ኦቾሎኒ በሽንኩርት፣ በቲማቲም፣ በቃሪያና በሎሚ ለውሰው ያቀርባሉ፤ በአምስት ደቂቃ የሚደርስና ወጥ ቤት ለማያውቅ ሰው እንኳ የማያስቸግር ነው። ሞሪሸስና ሬዩኒየን ውስጥ ከክክና ከቃሪያ የሚሠሩ ትንንሽ ጥብሶች ይቀርባሉ።

ለቆየ ሩም

ለብዙ ዓመት በርሜል ውስጥ የቆየና ሳይቀላቀል የሚጠጣ ሩም ሌላ አያያዝ ይፈልጋል። ትኩስ ጥብስ መዓዛውን ይጋፋዋልና ቀዝቃዛና ደረቅ ነገር ይሻላል። የቆየ ጎዳ ቺዝ እዚህ ላይ አስተማማኝ ነው፤ ጨውም የካራሜል ጣዕምም አለው። ሲበላ ጥርስ ላይ ቅርጭጭ የሚሉት ነጫጭ ፍሬዎች ታይሮሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ክሪስታል ናቸው። የተቆላ ካሹ፣ የአልሞንድ ፍሬና በስሱ የተቆረጠ የደረቀ ሃም እንዲሁ ይስማማሉ። ስኳር የተጨመረበትና ለስለስ ያለ ሩም ከሆነ ሰማያዊ ሻጋታ ያለው ቺዝ ጨዋማነቱ ሚዛኑን ይመልሳል።

የጃማይካ ሩም ለብቻው መታየት አለበት። ረጅም ጊዜ ተብላልቶ በድስት ማጣሪያ የሚወጣው ዓይነት ኤስተር የሚባሉ ውሕዶች ይበዙበታል፤ እጅግ የበሰለ ሙዝና አናናስ ይሸታል። ለስላሳ ቺዝ አጠገቡ ቢቀመጥ ጣዕሙ ይጠፋል። ጀርክ በሚባለው የሚያቃጥል የጃማይካ ቅመም ታሽቶ ፒሜንቶ በተባለው የቅመም ዛፍ እንጨት ጭስ የተጠበሰ ዶሮ ወይም ፍም ላይ ጠቆር ብሎ ጨውና ሎሚ የተነሰነሰበት አናናስ ግን ይቋቋመዋል።

ከጣፋጭ ወገን የሚያስኬደው ስኳሩ ያነሰው ነው፦ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ካካዎ ያለው ቸኮሌት፣ ወይም ቴምር ውስጡ በኦቾሎኒ ተሞልቶ ጨው ነስነስ ተደርጎበት። ሩም በኮላ ሲጠጣ ደግሞ ስኳሩ ብርጭቆው ውስጥ በበቂ አለ፤ ገበታው ላይ የፕላንቴን ቺፕስና ሎሚ ይበቃል።

አቀራረብን በተመለከተ፣ ጥብስ እንግዳ ከተቀመጠ በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይጠበስም፤ ከሩብ ሰዓት በላይ ከቆየ ይለግማል። ለመጠበቂያው ለውዝና ቺፕስ ይቅደም። ከመጠጣት በፊት መብላት ሆድ አልኮሉን ወደ አንጀት የሚያሳልፍበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ የአልኮሉን መጠን ግን አይቀንስም። ጨው ያስጠማል፣ የጠማው ሰውም እጁ የሚሄደው ወደ ቀረበው ብርጭቆ ነው፤ ስለዚህ የውኃ ማሰሮው ከሩሙ ጠርሙስ ይልቅ ለእጅ የቀረበ ይሁን።